ሁለት ሚሊ የረዘመችው ዘንግ

በየካ ሰፈር ኢዶሳ በዳዳን የማያውቅ ሹፌር አልነበረም። ጋራዡ ከየካ ሚካኤል ዝቅ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ ከመንገዱ ጋር በሚጋፋበት ቦታ ነበረች። ጋራዥ የምንላት ለክብሯ ብለን ነው እንጂ ሦስት የቆርቆሮ ግድግዳና አንድ ጣሪያ ናት። አራተኛውን ግድግዳ "ለመኪና መግቢያ ብዬ ተውኩት" ይላል፤ ቆርቆሮ አልቆበት እንደሆነ ግን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሰውየው አጠር፣ ደንደን ያለ፣ ሲስቅ ትከሻው ጭምር የሚስቅ፣ ሲናደድ ደግሞ ከሰው ጋር ሳይሆን ከመፍቻው ጋር የሚጣላ ነበር። ከእናቱ ጋር በኦሮምኛ፣ ከደንበኛ ጋር በአማርኛ፣ ከሞተር ጋር በጣልያንኛ ያወራል። መኪና ሲመጣለት ክዳኑን ከመክፈቱ በፊት ጆሮውን አስጠግቶ "ዝም በሉ፣ እየነገረኝ ነው" ይላል። ሞተሩም አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን ይነግረው ነበር።

ጣልያንኛውንም ሞያውንም ያገኘው ከአንድ ሰው ነው። በጠላት ጊዜ ከኢዶሳ አባት የእርሻ ማሳ ዳር ጋራዥ የከፈተ ብሩኖ የሚባል ጣልያን ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ አገሬ አልገባም ብሎ ቀረ፤ ኢዶሳም አሥራ አንድ ዓመት ከሥሩ ሠራ። ብሩኖ ደግ የሚባል ሰው አልነበረም፣ ክፉም አልነበረም፤ ልክ የሚወድ ሰው ነበር። "ዓይንህን አትመን፣ ጣትህን አትመን፣ ለካ" ይለዋል ቀን ከቀን። በ፲፱፻፵፩ ዓ.ም. አገሩ ናፍቆት ሲመለስ ለኢዶሳ ያወረሰው ጥቂት መፍቻዎችንና አንድ የወይራ ዱላ ነበር። ዱላዋ ክንድ አትሞላም። በጎኗ እርከን እርከን ሆና ተቆርጣለች፤ አንዱ እርከን የዚህ ሞተር የቫልቭ መግፊያ ዘንግ ልክ ነው፣ ሌላው የዚያኛው።

መግፊያ ዘንግን ለማያውቃት ላስተዋውቅ። ጋራዥ ውስጥ ፑሽሮድ ይሏታል። አዲስ እርሳስ የምታህል የብረት ዘንግ ናት። ከሞተሩ ሆድ የሚዞረው ብረት ከታች ያነሣታል፤ እሷም ከላይ ያለውን ክንድ ትገፋለች፤ ክንዱ ደግሞ ቫልቩን ይከፍታል። ባለ አራት ፒስተን ሞተር ስምንት ዘንጎች አሉት፤ መኪናው ሲጋልብ እያንዳንዷ በደቂቃ ከሁለት ሺህ ጊዜ በላይ ትነሣለች፣ ትወርዳለች። አንዷ ስትጠም ወይም ስትጠፋ መካኒኩ ከአሮጌ ብረት ክምሩ ሌላ ይፈልጋል። ኢዶሳ ያገኛትን በዱላዋ ላይ ያጋድማታል፤ ከእርከኑ ጋር ከተስማማች ትገባለች፣ ካልተስማማች ወደ ክምሩ ትመለሳለች። ከጉርድ ሾላ ድረስ መካኒኮች ዱላዋን ሊዋሱ ይመጡ ነበር። ኢዶሳ ከሚስቱ ከበለጡ ይልቅ ዱላዋን ያምናል ብል ሐሜት አይሆንብኝም፤ በለጡ ራሷ ትለዋለች።

እንግዲህ የዚህ ሰው ነገር የተበላሸው በ፲፱፻፶፭ ዓ.ም. ነው።

ሠረቀብርሃን የሚባል ወጣት ነበር፤ በእንጦጦ ራጉኤል የሚያገለግሉት የመሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ልጅ። አባቱ ለዜማ አስበውት ነበር። እሱ ግን ከድጓው ይልቅ የጭነት መኪና ጩኸት ይጥመው ነበርና ሹፌር ሆኖ ተቀጠረ፤ ቆይቶም ሚሌቼንቶ የሚሏትን የጣልያን መኪና አሮጌ ገዛ። በዚያ ዘመን ጥቂት የመኪና ወዳጆች ተሰባስበው በዓመት አንድ ቀን ከእንጦጦ ሥር እስከ ራጉኤል አጠገብ በሰዓት የሚለካ ውድድር ያደርጉ ነበር። ሠረቀብርሃን ሊወዳደር ፈለገና መኪናውን ኢዶሳ ዘንድ አመጣው።

እንጦጦ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ሰው ብቻ ሳይሆን ሞተርም ትንፋሽ ያጥረዋል። ኢዶሳ መድኃኒቱን ያውቅ ነበር። የሞተሩን ራስ፣ እነሱ ቴስታታ የሚሉትን፣ አውርዶ ብረት ወደሚላግበት ቶርኖ ቤት ወሰደና ከታቹ ሁለት ሚሊ አስላጨው። ራሱ ዝቅ ሲል ፒስተኑ አየሩን ይበልጥ ጨምቆ ይይዛል፤ ጉልበት ይጨምራል። ቫልቮቹን የሚመልሱትን ሞላዎች በጠንካራ ለወጠ፤ ነዳጅና አየር የሚቀላቅለውንም ካርቡራቶር በሰፊ ተካ። አሮጌ ዘንጎቹ ለአዲሶቹ ሞላዎች ስለሚደክሙ ስምንት ሌሎች መረጠ፤ በዱላዋም ለካቸው። ልክ ነበሩ። መኪናው ሲነሣ የየካ ውሾች ሁሉ ጮኹ።

የውድድሩ ቀን ከላይኛው መታጠፊያ ላይ አንዷ ዘንግ ተጣመመች፤ ከቦታዋ ዘላ ስትቀረቀር ሞተሩን ቀጥ አደረገችው። የኋላ ጎማዎቹ ቆለፉ፣ መኪናው ተንሸራትቶ ቦዩ ውስጥ ገባ፣ ከባሕር ዛፍ ጋር ተላተመ። ሠረቀብርሃን ግራ እግሩ ተሰበረ። ነፍሱ ተረፈች፤ እግሩ ግን አጠር ብሎ ተጠገነ።

ሰው ምክንያት አያጣም። ገሚሱ "በታቦት መንገድ ሲጋልቡ ራጉኤል ተቆጣ" አለ። መካኒኮቹ ደግሞ "ብረቱ ደካማ ነበር፣ ኢዶሳ ምን ያድርግ" አሉ። ኢዶሳም ብረቱ ደካማ ነበር አለ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይህ ነው፤ ብረቱ ደካማ እንዳልነበረ እጁ ያውቃል። ያላወቀው ምን እንዳጠፋ ነበር። መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ግን ምንም አላሉም። ለየካ ሚካኤል በዓል በጋራዡ ደጅ ሲያልፉ ድሮ ቆመው "እንዴት አደርክ" ይሉት የነበሩት ሰው፣ ከዚያ ወዲህ ፊታቸውን ወደ ባሕር ዛፉ መልሰው ያልፋሉ። ሰድበውት ቢሆን ለኢዶሳ ይሻለው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለውድድር የሚሆን ሞተር አልነካም፤ ታክሲና የጭነት መኪና ብቻ እየጠገነ ሁለት ዓመት ኖረ።

በ፲፱፻፶፯ ዓ.ም. ጥር አጋማሽ ላይ ያ ሚሌቼንቶ ጋራዡ ደጅ መጥቶ ቆመ። ደረቱ ተቃንቷል፣ ቀለም ተቀብቷል። ሠረቀብርሃን እያነከሰ ወረደ።

"ጋሼ ኢዶሳ፣ ዘንድሮ ልወጣ ነው።"

"ውጣ" አለ ኢዶሳ፣ ዓይኑን ከያዘው ቡሎን ሳያነሣ። "እኔ ግን የለሁበትም። መካኒክ ሞልቷል።"

"እርስዎ የላጩትን ሞተር ማን ይነካልኛል? ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ሰው አራት አሮጌ ዘንግ፣ አራት ደግሞ ከየትም ለቅሞ ገጥሞልኝ በዝግታ ነው የምነዳው። ሲፈጥን ያንኳኳል።"

"ይሰማኛል። ስትመጣ ሰምቼዋለሁ።"

"ታዲያ?"

ኢዶሳ ቡሎኑን መጥረግ ያዘ። ሠረቀብርሃን ኮፍያውን አወለቀና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሌላም ነገር አለ። አባቴ እንዳልወጣ ከልክለውኝ ነበር። ለመንኳቸው። በመጨረሻ ምን አሉ መሰለዎት? 'በመጀመሪያ እኔ እወጣበታለሁ። ለየካቲት ራጉኤል ቅዳሴ በዚያ መኪና ያውጣኝ። የሚነዳውም አንተ ሳትሆን የሠራው ሰው ነው።' እርስዎን ማለታቸው ነው።"

ቡሎኑ ከኢዶሳ እጅ ወደቀ። መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት አርባ ዓመት ሙሉ ያን ዳገት በእግራቸው የወጡ፣ "እግር እያለኝ በብረት አልቀመጥም" የሚሉ ሰው ናቸው። አሁን በሳቸው ፊት ሞተሩ አንድ ጊዜ እንኳ ቢያንኳኳ ልጁ ውድድሩ ይቀርበታል፤ የኢዶሳም ስም ያኔ ይቀበራል። ከዚያ የሚብሰውን ደግሞ ማሰብ አልፈለገም፤ ሽማግሌው ከጎኑ ተቀምጠው ያ መታጠፊያ ላይ ሞተሩ ቢቆምስ?

ማታ ለበለጡ ሲነግራት "አትሠራውም እንዴ?" አለችው።

"እምቢ ማለት እችላለሁ።"

"ትችላለህ። ወደ ባሕር ዛፍ ያዞሩት ፊታቸው ግን እንደዞረ ይቀራል።"

በማግስቱ ሞተሩን ከፈተ። ከክምሩ ሦስት ዓይነት ዘንግ አወጣ። አንደኛው ከጭነት መኪና የወጣ፣ ድፍንና ወፍራም ነው፤ ያያት ሁሉ "ይቺ አትጠምም" ይላል። ግን ወፍራም ዘንግ ከባድ ነው፤ ሞተሩ ሲፈጥን ሞላው ሊመልሳት ጊዜ አያገኝም፣ ቫልቩም ሳይዘጋ ይቀራል። ሁለተኛው ቀጭን፣ ቀላል ነው፤ እነዚያን ጠንካራ ሞላዎች ግን አይችልም። ሦስተኛው ገደል ከገባ አንድ መኪና የተፈታ ነበር፤ እንደ ቱቦ ውስጡ ክፍት፣ ግድግዳው ወፈር ያለ፣ ቀላልም ጠንካራም። እነዚህ ስምንቱ ቁመታቸው የሚሌቼንቶን ያህል ነው። ወይራዋን አምጥቶ አንድ በአንድ ለካቸው። ከእርከኑ ፀጉር አላለፉም፣ ፀጉር አላነሱም።

ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ግን ያኔም እንዲሁ ልክ ነበሩ። ስምንተኛዋን እንደያዘ ቆመ፤ እጁ ወደ ሞተሩ አልሄድ አለ። ጆሮውን የሚያምን ሰው፣ ዱላውን የሚያምን ሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱንም ተጠራጠረ። ምን ማድረግ እንዳለበት ግን ብሩኖ ነግሮት ነበር፤ ዓይንህን አትመን፣ ለካ። መለካት ያለባት ዱላዋ ራሷ ብትሆንስ?

ወደ ቤት ገብቶ የበለጡን የኩል ብልቃጥ አነሣ።

"ምን ልትሠራበት ነው?"

"ሞተሩን ኩል ልኩለው።"

በለጡ ባሏ አበደ ብላ ተከተለችው። አንዷን ዘንግ ከቦታዋ አስገባ፤ ከላይ ያለው ክንድ የሚያርፍበትን፣ እንደ ፍንጃል ጎድጎድ ያለውን የዘንጓን ጫፍ፣ ከንፈሩን ዙሪያውን በኩል ቀባ። የክንዱን ማስተካከያ ቡሎን ወደ ኋላ እየፈታ፣ ሁለት ምላጭ ደርቦ በክንዱና በቫልቩ መካከል እስኪያስገባ ድረስ አላላ። ቡሎኑ እስከ መጨረሻው ወጣ። የዛሬ ሁለት ዓመትም ቡሎኑ እንዲሁ እስከ መጨረሻው ወጥቶ "ዛሬስ ብዙ ወጣ" ብሎ አልፎት ነበር። የሞተር ማዞሪያውን እጀታ፣ ማኑቬላውን፣ ይዞ ሞተሩን በእጁ ቀስ አድርጎ ሁለት ጊዜ አዞረ። ከዚያ ክንዱን ፈትቶ ገለበጠው።

ከክንዱ ሆድ ላይ፣ ምንም ነገር ሊነካው በማይገባው ቦታ፣ የኩሉ ጥቁር ጭረት ነበር።

የቀሩትን ሰባቱንም እንዲሁ ሞከራቸው። ሰባቱም ቀለም አትመዋል።

ኢዶሳ አንድ የተገለበጠ ጣሳ ላይ ተቀመጠ። ነገሩ ወለል ብሎ ታየው። የሞተሩን ራስ ሁለት ሚሊ ላጭቶ ዝቅ አድርጎታል፤ ዘንጎቹን ግን ብሩኖ ባልተላጨ ሞተር ልክ በቆረጠው እርከን ነው የለካቸው። ጎብጦ ላጠረ ሽማግሌ የጉልምስናውን ምርኩዝ እንደማስያዝ ነው። ሁለት ሚሊ ረዝመዋል። ቡሎኑ ወደ ላይ ሲሸሽ የዘንጓ ከንፈር የክንዱን ሆድ እየገፋ ቆይቶ፣ ሞተሩ ሲፈጥን አንዷ ጎበጠች። ራጉኤል አልተቆጣም፤ ብረቱም አልደከመም። የሞተሩን ራስ የላጨው ኢዶሳ፣ ዘንጎቹን የለካው ኢዶሳ። ብሩኖ ራሱ ቢኖር በዚያ ዱላ አይለካም ነበር፤ መጀመሪያ ስንት ላጨህ ይለው ነበር። ዱላዋን ከመምህሩ ትምህርት አስበልጦ ያመነ እሱ ነው።

የሚገርመው መጀመሪያ የተሰማው እፎይታ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ስም የሌለው ጥፋት ይዞ ኖሯል፤ አሁን ስሙን አወቀ፣ ልኩንም አወቀ፤ ሁለት ሚሊ። ትከሻው እየተነቀነቀ ሳቀ። በለጡ ከምር አበደ ብላ ክንዱን ያዘችው። ሲነግራት ግን አልሳቀችም።

"ለመሪጌታ ትነግራቸዋለህ?"

ሳቁ ቆመ። "ምን ብዬ? የልጅዎን እግር የሰበርኩት እኔ ነኝ ብዬ? ሰው ብረቱ ነው ብሎ ረስቶታል።"

"ማን ነው የረሳው?"

ኢዶሳ የተፈታውን ክንድ መልሶ ማገላበጥ ያዘ።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" አለችና ባዶ የሆነውን የኩል ብልቃጧን አንሥታ ሄደች።

ሥራው ከዚያ በኋላ ቀላል ነበር። አንዷን ዘንግ ከመሐሏ ቆርጦ ጥርስ ያለው ቡሎን አስገባባት፤ እያረዘመ እያሳጠረ፣ ኩል እየቀባ ሞተሩን በእጁ እያዞረ፣ ጭረቱ ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ ሞከረ። ከዚያ ለካት። ሁለት ሚሊ አጥራ ተገኘች፣ ያለ አንዳች ብልጫ። ቀሪዎቹን፣ ከክምሩም አንድ ተጨማሪ ጓደኛቸውን፣ ቶርኖ ቤት ወስዶ ጫፋቸውን አስነቅሎ፣ ሁለት ሁለት ሚሊ አስቆርጦ ጫፋቸውን መልሶ አስመታ። የመስኮት መስተዋት አጋድሞ በላዩ አንከባለላቸው፤ የጠመመች ዘንግ ስትንከባለል ትዘላለች፣ እነዚህ ግን ድምፅ ሳያሰሙ ሄዱ። ገጥሞ ሞተሩን ሲያስነሣው ጆሮውን ማስጠጋት አላስፈለገውም፤ ከበር ላይ ቆሞ ሰማው።

የካቲት አንድ፣ የራጉኤል ዕለት፣ በማለዳ መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ነጭ ኩታቸውን አጣፍተው፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ከልጃቸው ጋር ጋራዡ ደጅ ቆሙ። ሌሊቱን የካ ዘመድ ቤት አድረው ነበር። እጃቸው ላይ በጨርቅ የተጠቀለለች አንዲት ትንሽ ነገር ይዘዋል።

"እንደምን አደሩ አባቴ" አለ ኢዶሳ፣ ከወገቡ ዝቅ ብሎ።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ፤ ዓይኖቻቸው ግን መኪናው ላይ ነበሩ። ከፊት ተቀመጡ፤ መቋሚያዋ አልገባ ብላ በመስኮት ወጣች። ሠረቀብርሃን ከኋላ ገባ።

በሽሮ ሜዳ በኩል አለፉ። ዳገቱ ሲጀምር ኢዶሳ ማርሹን ቀነሰና ረጋ ብሎ ወጣ። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ወደ ዳር ቆመው አሳለፏቸው። ሞተሩ እኩል ይዘምራል፤ ኢዶሳ ግን ጆሮውን ከሞተሩ አላነሣም።

"ልጄ የሚወጣው እንዲህ ነው?" አሉ መሪጌታ ድንገት።

"አይደለም አባቴ። እሱ በጣም ይፈጥናል።"

"እንግዲያው እንደሱ ውጣ።"

"አባቴ ..."

"እንደሱ ውጣ አልኩህ። ዘጠና ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ የቀረኝ ሰው ነኝ፤ የማጣው ነገር የለም።"

ዘጠና ሊሞላቸው ብዙ ይቀራቸው ነበር፤ ሰባ አንድ ናቸው። ግን የሚከራከራቸው አልተገኘም። ኢዶሳ ነዳጁን ረገጠ። መኪናው ወደ ፊት ዘለለ፤ ጠጠሩ ከሥር ይረጫል፣ ባሕር ዛፉ ግራና ቀኝ ይሮጣል። ላይኛው መታጠፊያ መጣ። ቅርፊቱ የተላጠው ዛፍ እዚያው ቆሟል። ኢዶሳ በልቡ የሚያውቃቸውን ቅዱሳን ሁሉ ጠራ፤ መሪውን ጠመዘዘ። ሞተሩ አንድ ጊዜ እንኳ አልተደናቀፈም። መታጠፊያው ከኋላቸው ቀረ።

ከኋላ ወንበር ሠረቀብርሃን ዞሮ የተላጠውን ዛፍ አየው። መሪጌታ ኩታቸውን አስተካከሉ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በታች ኢዶሳ ቆመ። ሞተሩ ረጋ ብሎ ይንተከተካል። አሁን ሁሉ ነገር አልቋል፤ መኪናው ተፈትኗል፣ ልጁ ይወጣል፣ ስሙም ድኗል። ዝም ቢል የሚጠይቀው ሰው አልነበረም። ሞተሩን አጠፋ። መሪውን እንደያዘ ተናገረ።

"አባቴ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ብረቱ አልነበረም። እኔ ነኝ። የሞተሩን ራስ ላጭቼ ዝቅ ሳደርገው ዘንጎቹን ማሳጠር ነበረብኝ፤ አላሳጠርኳቸውም። ሁለት ሚሊ ረዝመው ነበር። ያወቅኩት ከሁለት ሳምንት ወዲህ ነው። የሠረቀብርሃንን እግር የሰበርኩት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።"

ሽማግሌው ወደሱ ዞሩ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አዩት።

"ምን አልክ? ድገምልኝ።"

ኢዶሳ ደገመው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይብስ ከበደው። መሪጌታ ጨርቁን ፈቱ። የተጣመመችው ዘንግ ነበረች፤ ያችው።

"ይህችን ከሞተሩ ሲያወጧት ተቀብዬ ከመጽሐፎቼ ጋር አስቀምጫት ነበር" አሉ። "የዚያን ዕለት ጧት ይህ ልጅ 'አባቴ፣ ይመርቁኝ' ብሎ እግሬ ሥር ወደቀ። ተቆጥቼ ነበር። ድጓውን ትቶ ለብረት ሲል ... 'ሂድ፣ አይቅናህ' አልኩት። በዚህ አፌ። ከሰዓት በኋላ እግሩ ተሰብሮ በቃሬዛ አመጡልኝ። ያጠመማት አፌ ነው ብዬ ሁለት ዓመት እንቅልፍ አልተኛሁም። አንተን ባየሁህ ቁጥር ደግሞ በእኔ ጥፋት የሚሳቀቅ ሰው አየሁ፤ በምን ዓይኔ ልይህ?"

ኢዶሳ ዘንጓን ከእጃቸው ተቀብሎ ከንፈሯን ወደ ብርሃን አዞረ። በአንድ በኩል ብረቱ እንደ ብር አብረቅርቋል። "ይኸውልዎት አባቴ። እዚህ ጋ ነው ክንዱን የነካችው። ስትፋቅ ነው የተወለወለችው። እርግማን እንዲህ አይፍቅም።"

"ሁለት ሚሊ" አሉ መሪጌታ። ጠጋ ብለው አዩ፤ ጣታቸውንም አስነኩት። "ሁለት ሚሊ ምን ያህል ነው?"

ኢዶሳ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን አቀራርቦ ባዶውን ቦታ አሳያቸው። ሽማግሌው ያን ክፍተት ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ እንባቸው ወረደ፤ እየሳቁም ነበር። "ተመስገን" አሉ። "ተመስገን፤ ያንተ ጥፋት ነው!"

ሰው "ያንተ ጥፋት ነው" ተብሎ እንደዚያ ደስ ሲለው ያየ የለም። ኢዶሳም አለቀሰ። ሠረቀብርሃን ከኋላ ሆኖ አንዴ ያንዱን፣ አንዴ የሌላውን ጀርባ ያያል። "እኔ እግሬ የተሰበረው ማርሽ ዘግይቼ ቀይሬ ነው ስል ነበር የከረምኩት" አለ በመጨረሻ፤ እሱም የራሱን ይዞ ኖሯልና።

ከዚያ ቅዳሴ ገቡ። ኢዶሳ ቤቱ ሲመለስ ወይራዋን አውርዶ ከሚሌቼንቶው እርከን ሁለት ሚሊ ዝቅ ብሎ ሌላ እርከን ቆረጠባት፤ ለበለጡም አዲስ ኩል ገዛላት።

በሚቀጥለው እሑድ ስድስት መኪኖች ከእንጦጦ ሥር ተሰለፉ። ሠረቀብርሃን አራተኛ ወጣ፤ ለዚህ ነገር ግን ማን ወጣ ማን ገባ አይገድም። ከመነሣቱ በፊት መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት በሰው መካከል እየገፉ መጥተው መስኮቱ ሥር ቆሙ። ልጁ አንገቱን ዝቅ አደረገ። እጃቸውን በራሱ ላይ ጫኑ።

"ይቅናህ" አሉት።

ባንዲራው ወረደ፤ መኪናው እየጮኸ ዳገቱን ያዘ። ሌሎቹ መካኒኮች ሁሉ ጆሯቸውን አቅንተው ሞተሩን ያዳምጣሉ። ኢዶሳ ግን አላዳመጠም፤ ከሽማግሌው ጎን ቆሞ አቧራው እስኪጠፋ ድረስ ዳገቱን ያይ ነበር።